ለስላሳ ቱቦ ወይስ የተቀረጸ? የቺለር ኢቫፖሬተር ቱቦ ልንቀይር ነው

ቀዝቃዛ ውሃ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።

የምይዘው ቺለር (ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) የቆየ ነው። ጋዙ አር 134ኤ ነው። ኢቫፖሬተሩ፣ ማለትም ጋዙ የሚፈላበት ክፍል፣ ሼል ኤንድ ቲዩብ የምንለው ነው፤ በአንድ ትልቅ ቀፎ (ሼል) ውስጥ ቱቦዎች ተደርድረዋል። ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ጋዙ ደግሞ በፈሳሽነት ከውጭ ቱቦዎቹን አጥለቅልቆ ይፈላል። ቱቦዎቹ መዳብ ናቸው፣ የውጭ ዲያሜትራቸው 19 ሚሊ ሜትር። ከውስጥም ከውጭም ለስላሳ ናቸው። በኤዲ ከረንት (የቱቦ ግድግዳ መሳሳትን በኤሌክትሪክ በሚለይ ምርመራ) ሲፈተሹ ብዙዎቹ ሳስተው ተገኙ። ከዚህ በፊት በመሰኪያ የተደፈኑትም በርክተዋል። አሁን ሙሉ በሙሉ መቀየር ግድ ሆኗል።

አቅራቢው ሦስት ምርጫ ሰጠን። አንደኛው እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። ሁለተኛው በአንድ ኢንች 26 ፊን (ቱቦውን የሚዞር ስስ ክንፍ) ያለው ነው። ሦስተኛው ግን ለየት ይላል። ከሩቅ ስታየው ብረቱ የደበዘዘ ይመስላል እንጂ ፊን አይታይም። በጥፍር ስትነካው ትንሽ ይከረክራል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ደቃቅ ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ሻጩ «ይሄኛው ከለስላሳው ብዙ እጥፍ ያስተላልፋል» ይላል።

የገባኝ አልመሰለኝም። ባለ ፊኑን ብረዳው እረዳዋለሁ፤ የብረቱ ገጽ ከለስላሳው 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው ግን ብዙ የጨመረ ስፋት አይታይበትም። ታዲያ ያ ሁሉ እጥፍ ከየት መጣ?

ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለስላሳውን ገዝተን በሸራ ብርጭቆ ወረቀት ብናሻክረው ያው ነው፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን» አለ። ይሆናል ወይ?

ለመረጃ ያህል፦ ውሃው በ12 ዲግሪ ይገባል፣ በ7 ይወጣል። የጋዙ መፍያ ሙቀት አሁን 2 ዲግሪ ላይ ነው።


አሮጌው ቴክኒሻን፦

ወንድሜ፣ ሻጩ ሁሌ ያጋንናል፣ በዚህኛው ግን ብዙም አልዋሸህም። ነገሩን ከብረቱ ስፋት ጋር ካያያዝከው ግን መቼም አይገባህም። ዋናው ጥያቄ አረፋው የት ይወለዳል የሚለው ነው።

ፈሳሽ ዝም ብሎ አይፈላም። አረፋ ለመጀመር ቀድሞ የተያዘ ትንሽ እንፋሎት ይፈልጋል። ያ እንፋሎት የሚደበቀው በቱቦው ገጽ ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጭረቶችና ጉድጓዶች ውስጥ ነው። አረፋዋ ገና ትንሽ ስትሆን የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ዙሪያዋን ይዞ ይጨምቃታል። ተጨምቃ እንዳትጠፋ ግድግዳው ከጋዙ መፍያ ሙቀት በላይ መሞቅ አለበት። የጉድጓዱ አፍ በጠበበ ቁጥር የሚጠየቀው ትርፍ ሙቀት ይጨምራል።

ቁጥሩን ልንገርህ። አር 134ኤ በ5 ዲግሪ ሲፈላ፣ የጉድጓዱ አፍ ራዲየስ 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ከሆነ ግድግዳው ከጋዙ በ1.8 ዲግሪ ገደማ መብለጥ አለበት። ራዲየሱ 0.1 ማይክሮን ከሆነ 18 ዲግሪ ይፈልጋል። 10 ማይክሮን ከሆነ 0.2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። አንተ በውሃውና በጋዙ መካከል ያለህ ልዩነት መውጫው ላይ 5፣ መግቢያው ላይ 10 ዲግሪ ነው። ከዚያ ላይ ውሃው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ 18 ዲግሪ የሚጠይቀው ጉድጓድ ላንተ እንደሌለ ቁጠረው። ተኝቶ ይኖራል እንጂ አንድ አረፋ አያወጣልህም።

«ታዲያ ትልልቅ ጉድጓድ መቆፈር ነዋ!» ትለኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ ፈሳሽ ሲሆን ብረትን በጣም ያርሳል። መዳብ ላይ ጠብ ብታደርገው እንደ ውሃ ክብ ሆኖ አይቆምም፣ ወዲያው ይነጠፋል። አፉ የተከፈተ ጉድጓድ ካገኘ ሰተት ብሎ ገብቶ እንፋሎቱን ጠርጎ ያስወጣዋል። እንፋሎት ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱ ምንም አይጠቅምም።

መፍትሔው እንደ እንስራ አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ ጉድጓድ ነው። ፈሳሹ በጠባቡ አፍ ቢገባም ሆዱን ሙሉ አይሞላውም፤ ውስጥ እንፋሎት ይቀራል። አረፋ ወጥቶ ሲሄድ ጥቂት እንፋሎት ወደ ኋላ ይቀርና ቀጣዩን ይጀምራል። ማሽኑን አጥፍተህ ብታስነሳውም ብዙ ጊዜ ያ እንፋሎት ይጠብቅሃል።

በአጉሊ መነጽር ያየኸው ይሄንኑ ነው። ሲሠራ መጀመሪያ ቱቦው ላይ ደቃቅ ፊን ይወጣል። ከዚያ የፊኖቹ ጫፍ ይነቀስና በሮለር ተጭኖ ወደ ጎን ይተኛል። ጫፎቹ ሲገናኙ ከሥራቸው ቱቦውን የሚዞር ዋሻ ይቀራል። ዋሻው ወደ ውጭ የሚተነፍሰው ባየሃቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። በአንዳንዱ ቀዳዳ እንፋሎት ሲወጣ በሌላው ፈሳሽ ይሳባል። የተሳበው ፈሳሽ በዋሻው ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ይለጠፍና እዚያው ይተናል። ስስ ፈሳሽ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ ያሳልፋል። ብዙው ሥራ የሚሠራው ከውጭ ሳይሆን ከቆዳው ሥር ነው። እንግዲህ «እጥፉ ከየት መጣ» ላልከው መልሱ ይሄ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዩኒየን ካርባይድ የሚባለው ኩባንያ የመዳብ ዱቄት ቱቦ ላይ በሙቀት በማጣበቅ ሽንቁራማ ገጽ የሚሰጥ ፓተንት ያገኘው በ1968 ነው። ሂታቺ ቴርሞኤክሰል ኢ የሚባለውን ባለ ዋሻ ቱቦ ያመጣው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የዎልቨሪን ተርቦ ቢ፣ የቪላንድ ጌቫ ቢ የሚባሉት ዘሮች መጡ። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ የሚሠሩት ያንኑ ጠባብ አፍና ሰፊ ሆድ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን ተወው። ባልደረባህ የሚያሻክረው ገጽ አፉ የተከፈተ ቦይ ነው። ፈሳሹ ይገባበታል፣ አለቀ።


ላብ ውስጥ፦

ሰላም ጋሼ። ማብራሪያው ግሩም ነው፣ ግን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልከራከርዎት። «አለቀ» ለማለት ቸኩለዋል።

ሻካራነት ለውጥ እንደሚያመጣ በሙከራ የታወቀ ነው። ኩፐር የሚባል ተመራማሪ በ1984 ያወጣው ቀመር በሰፊው ይሠራበታል፣ የገጹንም ሻካራነት በቀጥታ ያስገባል። ለአር 134ኤ በ5 ዲግሪ፣ በካሬ ሜትር 10 ሺህ ዋት እያለፈ ብናሰላው እንዲህ ይወጣል። ሻካራነቱ 1 ማይክሮን የሆነ ገጽ በካሬ ሜትር በዲግሪ 1900 ዋት ገደማ ያሳልፋል። 4 ማይክሮን ከሆነ 2500 ገደማ ይደርሳል። በጣም የተወለወለ፣ 0.4 ማይክሮን የሆነ ደግሞ ወደ 1550 ይወርዳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ጭማሪ አለ። ቀላል አይደለም።

እርግጥ ከባለ ዋሻው ጋር አይወዳደርም። ባለ ዋሻው በዚሁ ሁኔታ 10 ሺህ እና ከዚያ በላይ መስጠት ይችላል።

ሌላም ልጨምር። በቤተ ሙከራ (ላብ) የምንለካው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጠላ ቱቦ ነው። ሼሉ ውስጥ ግን ብዙ ቱቦ ተደርድሯል። ከታች ካሉት ቱቦዎች የሚነሳው አረፋ የላይኞቹን እያጠበና እያናወጠ ይወጣል። በዚህ ለስላሳውና ባለ ፊኑ በደንብ ይጠቀማሉ። ባለ ዋሻው ግን ራሱ ቀድሞ ስለሚፈላ ከመናወጡ ብዙ አያተርፍም። ስለዚህ ጠያቂው ሻጩ ያሳየውን የነጠላ ቱቦ ንጽጽር እንዳለ ወደ ማሽኑ ባይወስደው ጥሩ ነው። ሼሉ ውስጥ ልዩነቱ ይጠባል።

ሌላው የመነሻ ነገር ነው። ለስላሳ ቱቦ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ከቆመ ጉድጓዶቹ በፈሳሽ ይሞላሉ። ስታስነሳው ግድግዳው ከሚገባው በላይ ሞቆም አይፈላም። ከዚያ ድንገት በአንዴ ይነሳል። ሙቀቱን እየጨመርክ ስትለካና እየቀነስክ ስትለካ ሁለት የተለያየ መስመር ታገኛለህ። የላብ ውጤት ስታነቡ በየትኛው አቅጣጫ እንደተለካ እዩ። ብዙዎቹ ከላይ ወደ ታች እየቀነሱ የተለኩ ናቸው፣ ያም ቁጥሩን ያሳምረዋል።


ስፕሊት ጠጋኝ፦

እኔ የምሠራው ትንንሹን ስለሆነ ጣልቃ ብገባ ይቅርታ። የኛ ጋዝ የሚፈላው ቱቦ ውስጥ ነው። ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ደግሞ ክር መሰል ደቃቅ መስመሮች። 9.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስትቆርጥ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረህ ብታየው መስመሮቹ ጠመዝማዛ ሆነው ይታያሉ። ቁመታቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ብዛታቸው 60 ገደማ፣ ዝንባሌያቸው 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሄም ከጋሼ ዋሻ ጋር አንድ ነው ወይ?


አሮጌው ቴክኒሻን፦

ስፕሊት ጠጋኝ፣ ምን ጣልቃ መግባት አለው፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። አንድ አይደለም። ቱቦ ውስጥ ጋዙ እየሮጠ ነው የሚፈላው። ፍሰቱ ሲያንስ ፈሳሹ ከቱቦው ታች ይተኛል፣ ጣራው ይደርቃል። የደረቀ ጣራ ሥራ አይሠራም። እነዚያ ጠመዝማዛ መስመሮች ፈሳሹን እየሳቡ ዙሪያውን ያለብሱታል፤ ጣራውም ይረጥባል። የገጹም ስፋት በግማሽ ገደማ ይጨምራል። በዝቅተኛ ፍሰት ሙቀት ማስተላለፉ ከለስላሳው እጥፍና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፣ የግፊት ኪሳራው ግን ያን ያህል አያድግም። ለዚህ ነው አየር ማቀዝቀዣው ሁሉ ወደዚህ የዞረው። ሂታቺ ይሄንንም በ1970ዎቹ ነው ያወጣው። የዚህ ጉልበት ፈሳሹን ማዳረስ ነው፣ የባለ ዋሻው ጉልበት አረፋ መፍጠር ነው። መውጫው አካባቢ ፈሳሹ ሲያልቅ ግን የትኛውም መስመር አያድነውም። እዚያ ደረቅ ጋዝ ብቻ ነው ያለው፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ፈሳሹን መጥኖ የሚያስገባው) የሚጠብቀው ሱፐርሂትም፣ ማለትም ጋዙ ከመፍያው በላይ የሚሞቀው ትርፍ ሙቀት፣ እዚያው ላይ ነው የሚሠራው።

ላብ ውስጥ፣ አንተ ደግሞ ጎበዝ ነህ። ቁጥርህን አልክድም። ነገር ግን ቀመሩ የዛሬውን ገጽ እንጂ የከርሞውን አይነግርህም። ተመራማሪዎቹ ያኮብና ፍሪትዝ በ1931 በውሃ ላይ ያሳዩት ይሄንኑ ነው፤ የተሻከረው ገጽ ሲጀምር በጥሩ ሁኔታ ፈላ፣ ቀናት ሲያልፉ ግን ትርፉ ጠፋ። በክፍት ጉድጓድ ውስጥ የነበረው አየር ቀስ እያለ ያልቃል። ላብ ውስጥ ቱቦውን አሻክረህ በማግስቱ ትለካለህ። እኛ ቱቦ የምናስገባው ለዓመታት ነው።

ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ምን እንደሚተው ታውቃለህ? አሸዋ! መዳብ ለስላሳ ነው፣ ደቃቁ አሸዋ ጭረቱ ውስጥ ይሰካል። ከዚያ ከዘይቱ ጋር ተጉዞ ኮምፕረሰሩ ቤሪንግ ጋ ይደርሳል። ጠያቂው በቱቦ ያተረፈውን በኮምፕረሰር ይከፍላል። ይሄ ቀመር ውስጥ የለም።


ቀዝቃዛ ውሃ፦

ጋሼ፣ ላብ ውስጥም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ብርጭቆ ወረቀቱ ቀረ፣ ባልደረባዬም አኩርፏል።

አሁን የቀረኝ በምርጫው ላይ ነው። ባለ ዋሻው ከለስላሳው 5 እጥፍ ካስተላለፈ ማሽኔ 5 እጥፍ ይሻሻላል ማለት አይደለም መቼም። በትክክል ስንት ነው የማገኘው? ደግሞ አቅራቢው የባሰ ውድ የሆነ፣ የባሰ የሚያስተላልፍ አለኝ ይላል። ልግባበት?


አሮጌው ቴክኒሻን፦

አየህ፣ ይሄ ነው ሁሉም የሚዘለው። እርሳስ አንሳ።

ሙቀቱ ከውሃው ተነስቶ ጋዙ ጋ እስኪደርስ ሁለት ትልልቅ እንቅፋት ያልፋል። አንዱ በውሃው በኩል ነው፣ ሌላው በሚፈላው በኩል። መካከል ያለው መዳብ ከነሱ አንጻር ከቁጥር አይገባም። እንቅፋት ማለት የማስተላለፍ አቅሙ ሲገለበጥ ነው። የገጽ ስፋት ልዩነትን ለጊዜው እንተወው፣ ሐሳቡ እንዲታይህ ነው።

ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር አካባቢ ከሄደ በለስላሳ ቱቦ ውስጥ በካሬ ሜትር በዲግሪ 5000 ዋት ገደማ ያስተላልፋል እንበል። ይሄ ሲገለበጥ 0.0002 ነው። የሚፈላው ጎን ላብ ውስጥ እንዳለው 1900 ከሆነ ሲገለበጥ 0.00053 ነው። ድምሩ 0.00073። መልሰህ ስትገለብጠው ጠቅላላው 1380 ገደማ ይሆናል። ከድምሩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚይዘው የመፍላቱ ጎን ነው። ስለዚህ እሱን መንካትህ ትክክል ነው።

አሁን 1900 የነበረው 10 ሺህ ሆነ። እንቅፋቱ 0.0001 ይሆናል። ከውሃው ጋር 0.0003። ጠቅላላው 3300 ገደማ። አየህ፣ በአንድ ጎን ከ5 እጥፍ በላይ ተሻሻለ፣ በጠቅላላው ያገኘኸው 2.4 እጥፍ ነው። ይሄም ትልቅ ነው። ጭነቱ ያው ከሆነና ሌላው ሁሉ ካልተለወጠ፣ በሚወጣው ውሃና በጋዙ መካከል ያለህ የ5 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1.2 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ጋዝህ በ2 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ ወደ 6 ይጠጋል። መፍያው በአንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ኮምፕረሰሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ኃይል ይቆጥባል ይባላል፤ ጥሩ ግምት ነው። ላብ ውስጥ ስለ ተደረደሩ ቱቦዎች ያለውን አትርሳ። ሼሉ ውስጥ ለስላሳውም ከ1900 ስለሚሻል ትርፍህ ከዚህ ያንሳል።

ከዚያ በላይ ወዳለው፣ ወደ ውዱ እንሂድ። 20 ሺህ ይስጥህ። እንቅፋቱ 0.00005። ከውሃው ጋር 0.00025። ጠቅላላው 4000። እንግዲህ የመፍላቱን ጎን ሌላ እጥፍ ጨምረህ ያገኘኸው 20 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱም አሁን የሚያንቀህ ውሃው ነው። ስለዚህ ሻጩን «ከውስጥስ ምን አለው?» በለው። የዚህ ዓይነት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ጠመዝማዛ ጉብታ አብሮት ይመጣል። ገንዘብህን ከውጭ ተጨማሪ ቀዳዳ ከመግዛት እዚያ ላይ ብታውለው ይሻልሃል። የውሃ ፓምፑ ግን ግፊቱን ይቻል እንደሆነ አስቀድመህ አስላ።

ሌላው ቆሻሻ ነው። ውሃው በኩል 0.0001 የሚያህል እንቅፋት ያለው ቅርፊት ቢይዝ ለስላሳው ቱቦ ከ1380 ወደ 1210 ይወርዳል፣ 12 በመቶ ገደማ ነው። ያው ቅርፊት ባለ ዋሻውን ከ3300 ወደ 2500 ይጥለዋል። ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ጥሩ ቱቦ ለቆሻሻ ስስ ነው። ድሮ ውሃውን ችላ እያላችሁ የምትኖሩ ከነበረ ያ ቀረ።

ዘይቱም እንደዚሁ። በጋዝ በተጥለቀለቀ ኢቫፖሬተር ውስጥ ጋዙ ተንኖ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይቀራል። መመለሻው ካልሠራ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ለስላሳ ቱቦ ላይ ጥቂት ዘይት አረፋ እያበዛ አንዳንዴ ያግዛል እንኳ። ባለ ዋሻው ላይ ግን ዋሻው ውስጥ ፈሳሹ ሲተን ዘይቱ እዚያው ይወፍራል፣ ቀዳዳዎቹን ይይዛል። ዘይት መመለሻውን፣ ማጣሪያውንና ዘይቱን የሚስበውን ኢጀክተር ከቱቦው ጋር አብረህ አስፈትሽ። አለዚያ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተህ ለስላሳ ቱቦ እንደገዛህ ነው።

ባለ 26 ፊኑ መካከለኛ ነው። ዘይትና ቆሻሻ የበለጠ ይችላል፣ ርካሽም ነው። ዘይቱን መቆጣጠር አንችልም የሚል ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ነው የምለው።


የአሞኒያ ሰው፦

ሰላም ለቤቱ። እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ጨዋታ የለም። አሞኒያ መዳብን ይበላል፤ ቱቦዎቻችን ብረት ናቸው፣ አብዛኞቹም ለስላሳ። የተለመደው ዘይት ደግሞ አሞኒያ ውስጥ አይሟሟም። ከፈሳሹ አሞኒያ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጀመሪያ ግን ቱቦውን ይቀባዋል። ቀዝቃዛ ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው። የተቀባ ቱቦ ላይ የትኛው ጉድጓድ ይተነፍሳል? ለዚህ ነው ዘይት ከታች አዘውትረን የምናወጣው።

ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ገጹ የሚሠራው ፈሳሹ ከነካው ብቻ ነው። እኔ ግን ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ወደፊት ጋዙን ለመቀየር አስባችኋል? አር 134ኤ የዓለምን ሙቀት የሚጨምሩ ጋዞችን በሚቀንሰው የኪጋሊ ስምምነት ምክንያት እየቀነሰ የሚሄድ ጋዝ ነው። ቱቦ ለዓመታት ነው የሚገዛው።


ላብ ውስጥ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀዳዳው ከጋዙ ጋር መጣጣም አለበት። ግፊቱ ዝቅ ያለ ጋዝ እንፋሎቱ ቀላል ስለሆነ ለዚያው ጉድጓድ የበለጠ ትርፍ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሰፋ ያለ አፍ ይመቸዋል። ስለዚህ ለአር 134ኤ የተመረጠ ቱቦ ለሌላ ጋዝ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም። ግፊቱ ከአር 134ኤ ጋር የሚቀራረብ ምትክ ከሆነ ግን ብዙም አትጨነቁ፣ አር 1234ዋይኤፍ ለምሳሌ በግፊት ቅርብ ነው። አምራቹን ስትጠይቁ «ለየትኛው ጋዝ፣ በስንት ዲግሪ፣ በካሬ ሜትር ስንት ዋት» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱን ያልያዘ ግራፍ አትቀበሉ።


ቀዝቃዛ ውሃ፦

የጋዝ ለውጥ ለጊዜው የለም። ዘይት መመለሻውን አብረን እንሠራለን፣ ውሃውንም የሚያክም ሰው ይዘናል። እንግዲህ ባለ ዋሻውን፣ ከውስጥ ጉብታ ያለውን ልናዝ ነው። ስናዝና ስናስገባ የምንጠነቀቅበት ነገር ካለ ጋሼ ይንገሩኝ።


አሮጌው ቴክኒሻን፦

አለ እንጂ።

የተቀረጸው ክፍል ዲያሜትር ከለስላሳው ጫፍ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ የቱቦዎቹ ጫፍ በሚታሰርበት ሰሌዳ (ቲዩብ ሺት) ቀዳዳ አያልፍም። ስዕሉ ላይ ሁለቱንም ቁጥር እይ፣ ናሙና መጥቶም በካሊፐር ለካ።

ሁለቱ ጫፎች ለስላሳ መሆን አለባቸው፣ በኤክስፓንደር (ማስፊያ መሣሪያ) ሰፍተው ሰሌዳው ላይ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በየደጋፊው ሰሌዳ ቦታም ለስላሳ ቀለበት ይተዋል። ለዚህ የደጋፊ ሰሌዳዎቹን ርቀት ራስህ ሼሉ ውስጥ ገብተህ ለክተህ ላክ፤ ከድሮ ስዕል ላይ አትቅዳ። የተቀረጸው ክፍል ደጋፊው ላይ ካረፈ በንዝረት ይፈጫል። ከተቀረጸው ሥር ያለው ግድግዳ ደግሞ ከጫፉ ይሳሳል፣ ለመበሳት ቅርብ ነው።

ስታስገቡ ቱቦውን በመዶሻ እንዳትመቱት፣ በጓንት ያዙት። በመሬት ላይ አትጎትቱት፤ ቀዳዳዎቹ አቧራና ግራሶ ይይዛሉ፣ ከያዙ ደግሞ አይለቁም። የፋብሪካው ማሸጊያ ሊገባ ሲል ብቻ ይከፈት።

ውስጡን ለማጽዳት የድሮውን የብረት ብሩሽ አስወግዱ። ለጉብታው የሚሆን የናይለን ብሩሽ ከቱቦው ጋር እዘዙ።

አንድ ቱቦ ደግሞ ተጨማሪ ግዛና መጋዘን አስቀምጥ። ወደፊት ኤዲ ከረንት የሚሠራው ሰው መሣሪያውን የሚያስተካክለው በዚያው ዓይነት ቱቦ ላይ በተሠራ ናሙና ነው። በለስላሳ ናሙና አስተካክሎ ከመጣ የተቀረጸውን ሁሉ የተበላ አድርጎ ያነብልሃል።